ከስፖንጁ በፊት የቦርሳውን አፍ ይዩ

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ሶኒ አር ኤክስ 100 ማርክ 7 ካሜራ ላከልኝ። ጥር ላይ ለጥምቀት ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች እሄዳለሁ። እስካሁን ካሜራውን በነጠላ ጠቅልዬ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ሱቅ ስጠይቅ አራት ዓይነት አሳዩኝ፤ እንደ ሳጥን ጠንካራ የሆነ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ የቆዳ፣ እና ለትልቅ ካሜራ የተሠራ ባለብዙ ኪስ። ሻጩ «ስፖንጁ የወፈረውን ውሰጂ» አለኝ። የትኛውን ልግዛ?

ምላሽ፦ ወደ ቦርሳው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ካሜራውን ዛሬውኑ ከነጠላው ያውጡት። ነጠላ ለስላሳና ንጹሕ ስለሆነ ለካሜራ የሚራራ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥጡ ይበናል። የእርስዎ ካሜራ ሲበራ ሌንሱ አንዱ ቱቦ ከሌላው ውስጥ እየተመዘዘ ይወጣል፣ ሲጠፋ ተመልሶ ይገባል። በወጣ ቁጥር ውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ስለሚሰፋ በየክፍተቱ አየር ይስባል፤ የቀጥቃጭ ወናፍ እንደሚስበው ማለት ነው። ከአየሩ ጋር በአጠገቡ ያለው ብናኝ አብሮ ይገባል። ከገባ በኋላ በጨርቅ የሚጠረግ አይደለም። ወይ የምስል መቀበያው ላይ ያርፍና ሰማይ ባለበት ፎቶ ሁሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ወይ ሌንሱን የሚያንቀሳቅሱት ጥቃቅን ጥርሶች መካከል ይሰነቀራል።

ካሜራ እየጠገንኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጡት ትናንሽ ካሜራዎች በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች በአንዱ የተጎዱ ናቸው፤ ወድቀው፣ አቧራ ገብቶባቸው፣ ወይም ቦርሳ ውስጥ ሳሉ በራሳቸው በርተው። ቦርሳ ሻጭ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። የወደቁትን ስጠይቅ ደግሞ ካሜራው የወደቀው ቦርሳው ውስጥ ሳለ እንዳልሆነ ነው በብዛት የሚነግሩኝ። ሲያወጡት ወይም ሲመልሱት ነው ከእጃቸው ያመለጠው። ስፖንጁ ሁለት ጣት ቢወፍር ካሜራው በሌለበት ሰዓት ምንም አይሠራም። ስለዚህ የእኔ ምክር ከሻጩ ይለያል፤ መጀመሪያ የቦርሳውን አፍ ይዩ፣ ስፖንጁ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥሩ አፍ ወደ ላይ የሚከፈት ነው። ዚፑ ተከፍቶ ቦርሳው ወገብዎ ላይ እንዳለ፣ ካሜራው እንደ ኪስ ውስጥ እንዳለ ነገር ታች ተቀምጦ ይቀራል እንጂ አይንሸራተትም። አራት ጣትዎና አውራ ጣትዎ ካሜራውን እንደጨበጡ ሳይጠቡ ሊገቡ ይገባል። በአንድ እጅ ካልተከፈተ ይተዉት፤ ሌላው እጅዎ በጥምቀት ቀን ሻማ፣ የልጅ እጅ ወይም ነጠላዎን ይዞ ይሆናል።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ያ እንደ ሳጥን ጠንካራ የሆነው ለመንገድ አይሆንም። ኢቪኤ ከሚባል ጠጣር ፎም ተቀርጾ የተሠራ ነው፤ ተዘግቶ ሳለ ከአራቱም የተሻለ መከላከያ እሱ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቢጫን እንኳን አይጨፈለቅም። የሚከፈተው ግን እንደ መጽሐፍ ለሁለት ነው። ቆመው ዚፑን በሦስት ጎን ዞረው ሲጨርሱ ካሜራው ግማሹ አየር ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚከፍት ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፤ አውቶቡስ ሲንቀሳቀስ ወይም ሰው ሲጋፋ ለሚከፍት ግን ካሜራውን የሚጥለው ራሱ ቦርሳው ይሆናል።

እንደ ጎማ የሚለጠጠው ኒዮፕሪን ነው። ከጭረት ይከላከላል፣ ቀላል ነው፣ ቦታ አይወስድም። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግን ለመውደቅ ብዙ አይረዳም። ከዚህ የባሰው ካሜራውን አጥብቆ ማቀፉ ነው፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

ቆዳው ያምራል። የአገራችን የበግ ሌጦ ደግሞ ለጓንት ሳይቀር የሚፈለግ ነው፤ ስለ ቆዳ ክፉ ማውራት አልወድም። ግን ቆዳ ብቻውን ትራስ አይደለም፣ እርጥበትም ይይዛል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ካሜራ ይዘውልኝ መጡ፤ ከነቆዳ ቦርሳው ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። ቦርሳው አዲስ ይመስላል፣ ሌንሱ ውስጥ ግን ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ መስታወቱን በልቶታል። ሻጋታውን ማጽዳት ቻልኩ፤ የበላውን መመለስ አልቻልኩም። በትክክለኛ ቦታ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬም ያነሳ ነበር፤ ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባለብዙ ኪሱን በፍጥነት ልለፈው። ትንሽ ካሜራ በትልቅ ቦርሳ ውስጥ እንደ ጠጠር በቅል ይንቀረቀባል፣ ከጎኑ የሚቀመጠው ቻርጀርና ፓወር ባንክም ሲወድቅ መዶሻ ይሆንበታል። በዚያ ላይ «ካሜራ ይዣለሁ» ብሎ በሰው መሐል ይጮኻል።

እንግዲህ የሚፈልጉት አምስተኛውን ነው፤ ሱቁ ያላሳየዎትን። ከላይ የሚከፈት፣ ለካሜራው ልክ የሆነ፣ ግድግዳው መጠነኛ ስፖንጅ ያለው፣ ቀበቶ ላይ የሚገባ ወይም በትከሻ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ። ሎውፕሮ፣ ኬዝ ሎጂክና ታምራክን የመሳሰሉ ስሞች እንዲህ ዓይነቱን ሠርተዋል፤ ስም የሌለውም ቢሆን የምነግርዎትን ካሟላ አይናቁት።

አሁን ስለ ስፖንጁ። ካሜራዎ ከነባትሪውና ከነካርዱ 302 ግራም ነው። ከወገብ፣ ከ1 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወድቅ መሬት የሚደርሰው በሰከንድ 4.4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ጉዳቱን የሚወስነው ያ ፍጥነት በስንት ርቀት ይቆማል የሚለው ነው። ራቁቱን ድንጋይ ላይ ወድቆ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ጫና በአማካይ የክብደቱን 1,000 እጥፍ ይሆናል፤ ለቅጽበት 300 ኪሎ እንደተጫነበት ይቁጠሩት። መሐል ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሚታመቅ ስፖንጅ ቢገባ ግን ወደ 60 ኪሎ ይወርዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው እነዚያ 5 ሚሊ ሜትሮች ናቸው። ስፖንጅ ሙሉ ውፍረቱን ስለማይታመቅ ይህን ለማግኘት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲወፍር ቦርሳው እየገዘፈ ይሄድና ቤት ይቀራል፤ ቤት የቀረ ቦርሳ ደግሞ ካሜራን አይጠብቅም።

ውፍረቱ ብቻውን አይበቃም፣ ጥራቱም አለ። የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ሲጫኑት አየሩ ወዲያው ይወጣና ወለሉን ይነካል፣ ውሃ ሲያገኝም ይጠጣል። ለመኝታ የሚዘረጋው የካምፕ ምንጣፍ ግን እያንዳንዷ አረፋ ለብቻዋ የተዘጋችበት ነው፤ ይታመቃል እንጂ ተደፍጥጦ አይቀርም፣ ውሃም አይጠጣም። ቦርሳው የትኛው እንዳለበት ለማወቅ ግድግዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይቆንጥጡ። ጣቶችዎ ያለ ብዙ ኃይል ከተገናኙ የፍራሹ ዓይነት ነው። እየገፋ ከመለስዎት ጥሩ ነው። ማዕዘኖቹንና ሥሩን ለይተው ይቆንጥጡ፤ ካሜራ ሲወድቅ በጠፍጣፋ ጎኑ ብዙም አያርፍም፣ በማዕዘኑ ነው። ብዙ ርካሽ ቦርሳዎች ፊትና ጀርባቸው ወፍሮ ሥራቸው ላይ ጨርቅ ብቻ ነው ያላቸው። እንዲህ ያለውን ሳገኝ ለደንበኞቼ ሥሩ ላይ የምንጣፍ ቁራጭ ቆርጬ አስገባላቸዋለሁ፤ እርስዎም በመቀስ ይችሉታል።

ቃል የገባሁት ጉዳይ አሁን ነው፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም እሱ ነው። ትንሽ ካሜራን የሚገድለው ጠባብ ቦርሳ ነው። ካሜራው ተጠብቆ ሲገባ የማብሪያው ቁልፍ ይጫናል፤ ካሜራው ይበራና ሌንሱ ለመውጣት ይገፋል፣ ግድግዳው ይመልሰዋል። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ጥርሶቹም ፕላስቲክ ናቸው። ሲታገል ቆይቶ አንዱ ጥርስ ይሰበራል ወይም ቱቦው ይጣመማል፣ በማግስቱ ካሜራው ስክሪኑ ላይ «አጥፍተው ያብሩ» እያለ ይቀራል። በእርስዎ ካሜራ ላይ ለዚህ ጉዳት ሌላም በር አለ፤ ከላይ ብቅ የሚለው መመልከቻ። በግራ ጎኑ ያለችው መግፊያ ወደ ታች ከተገፋች መመልከቻው ይዘልና ካሜራው አብሮ ይበራል። ጠባብ ኒዮፕሪን ውስጥ ሲያስገቡትም ሲያወጡትም ያች መግፊያ ግድግዳውን ትታከካለች። ሌንሱ ደግሞ ለብቻው አይጠገንም ማለት ይቀላል፤ እንዳለ ነው የሚለወጠው፣ ዋጋውም አንዳንዴ ያገለገለ ካሜራ ከመግዛት ብዙ አይርቅም፣ አገር ውስጥም ቶሎ አይገኝም።

ስለዚህ ልኩን እንዲህ ያግኙት። ካሜራው 10.2 በ5.8 በ4.3 ሴንቲ ሜትር ነው። የቦርሳው ውስጥ ከዚህ በየአቅጣጫው ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል፤ 11 በ6.5 በ5 ገደማ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የውጭው ልክ ስለሆነ ራስዎ ይለኩ፣ ከተቻለም ካሜራውን ይዘው ሱቅ ይሂዱ። ያስገቡት፣ ዚፑን ይዝጉ፣ ጆሮዎ አጠገብ ቀስ ብለው ይነቅንቁት። ከተንኳኳ ሰፍቷል። ሳይገፉት ካልገባ ጠቧል። በራሱ ክብደት ሰተት ብሎ ወርዶ ጸጥ ካለ ልኩ ነው። ሲያስገቡት ስክሪኑን ወደ ሰውነትዎ ያዙሩት። ሌንሱ ወደ ውጭ ስለሚሆን የቦርሳው ፊት በጣት ሲጫን የማይጎደጉድ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ሌንሱን የምትሸፍነው ስስ ክዳን በትንሽ ጫና ትጣመማለች።

ገበሩን በእጅዎ ይዳብሱት። ጸጉር የሚያወጣ ገበር አይግዙ፣ ነጠላውን ካወጣን በኋላ ሌላ ነጠላ መልሰን አናስገባ። ልሙጥ ናይለን ይሻላል። ዚፑ ከውስጥ በኩል በጨርቅ ካልተሸፈነ ጥርሱ ስክሪኑን ይጭራል። የእጅ ማንጠልጠያውን የሚያያዝ የብረት ቀለበት ካለም በጨርቅ ገመድ ይለውጡት፣ እሱም እንደ ቁልፍ ነው የሚጭረው። ማንጠልጠያው ራሱ ግን መቼም አይቅር፤ ካሜራው ከቦርሳ ከመውጣቱ በፊት ገመዱ አንጓዎ ላይ ይግባ። ማንጠልጠያ ያለው እጅ ከየትኛውም ስፖንጅ ይበልጣል።

መዝጊያው ዚፕ ይሁን እንጂ ቬልክሮ አይሁን። ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ያውቁታል። ማኅሌት ተቁሞ ሳለ ያ ድምፅ ያሳፍራል፣ ተራራው ላይ ደግሞ ዋሊያውን ያስበረግገዋል። ቀበቶ ላይ የሚገባው ማንጠልጠያ የተሰፋ ይሁን፤ በፕላስቲክ መንጠቆ ብቻ የሚያዝ ቦርሳ ታክሲ ውስጥ ተጋፍተው ሲወጡ ወንበር ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ጎንደር እንሂድ። በአውሮፕላን ከሆነ ካሜራውም ትርፍ ባትሪውም በእጅ ሻንጣ ይሁኑ። ትርፍ ሊትየም ባትሪ ከታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። የእርስዎ ባትሪ፣ ኤን ፒ ቢ ኤክስ 1፣ 4.5 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከአየር መንገዶች የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በጣም ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ጫፎቹ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር እንዳይነካኩ በየራሱ ከረጢት ያስቀምጡት። በርበሬና ሽሮ የተጫነበት ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ካሜራ አይግባ። የበርበሬ ዱቄት የገባበት ሌንስ ከፍቼ አውቃለሁ፤ አሸዋ ይሻላል።

ጥር 10 ለከተራ አቧራው ነው የሚያሳስበኝ። ታቦታቱ ሲወርዱ ከሕዝቡ እግር ሥር የሚነሳው ብናኝ ደቃቅ ነው። ካሜራውን ደጋግመው አያብሩ አያጥፉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ወናፉ ይሠራል። አንዴ አብርተው፣ ዙሙን አንድ ቦታ ላይ አድርገው ያንሱ፣ ሲጨርሱ አጥፍተው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት። ጥር 11 ማለዳ በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ግን ጉዳዩ ውሃ ነው። ከተባረከ በኋላ ጸበሉ በሕዝቡ ላይ ይረጫል፣ ወጣቶቹም ይዘላሉ፤ ከፊት ከቆሙ መርጠብዎ አይቀርም። ጸበሉ ለእርስዎ በረከት ነው፣ ካሜራው ግን ውሃ የሚችልበት ምንም መከላከያ የለውም። «ውሃ አያስገባም» የሚባል ዚፕ ነጠብጣብን ይመልሳል እንጂ የተረጨን ውሃ አይችልም። ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ቦርሳው ውስጥ አስቀድመው አጥፈው ይያዙ፤ መርጨት ሲጀመር ካሜራው ከረጢቱ ውስጥ፣ ከረጢቱ ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳው በፊት ለፊትዎ ከነጠላዎ ሥር ይሁን። ይህ አቀማመጥ ከኪስ አውላቂም ያድናል። ቤት ሲደርሱ ከረጢቱን ያውጡት፤ እርጥበትን ሲያስቀር ውስጥ ያለውንም አብሮ ያፍናልና።

ሰሜን ላይ ችግሩ ቅዝቃዜው ነው። ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፣ የጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ባትሪ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል፤ ትርፉን ከካፖርትዎ ውስጥ፣ ከገላዎ አጠገብ ይያዙት። ጠዋት ጭላዳዎቹን አንስተው ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡ ካሜራውን ወዲያው አያውጡ። የቀዘቀዘ ብርጭቆ እንደሚያልበው ሌንሱም ከውጭም ከውስጥም ያልበዋል። እዚህ ላይ ስፖንጁ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። ቦርሳው ተዘግቶ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጅዳና ዱባይ ያላችሁ አንባቢዎች ይህንኑ ገልብጣችሁ ያዙት፤ በኤሲ ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ውጩ ወበቅ ስትወጡ ነው የእናንተ ካሜራ የሚያልበው።

ከጉዞ ሲመለሱ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ አይተዉት። ቦርሳው የመንገድ ነው እንጂ የመኖሪያ አይደለም። ገበሩን ገልብጠው ያራግፉት፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ካሜራው በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ። ቀለሙ የሚቀየር ሲሊካ ቢያገኙ መልካም ነው፤ እርጥበት ሲጠግብ ይነግርዎታል፣ በመጠነኛ ሙቀት አድርቀው ደግመው ይጠቀሙበታል።

የገለጽኩትን ቦርሳ ሱቅ ካጡት ያሰፉት። መርካቶ ውስጥ ሻንጣና ቦርሳ የሚሰፉ ሰዎች አሉ፣ የሚፈለገውም ብዙ አይደለም። ለውጩ ሸራ፣ ለመሐሉ 1 ሴንቲ ሜትር የካምፕ ምንጣፍ፣ ለገበሩ የዣንጥላ ጨርቅ። የዣንጥላ ጨርቅ አይበንም፣ ውሃም ያንሸራትታል፣ ከብዙ የፋብሪካ ገበሮች እመርጠዋለሁ። ሥሩ ላይ ምንጣፉ ሁለት ድርብ ይሁን፣ ማዕዘኑ ላይ ተቆርጦ ክፍተት እንዳይተው ለሰፊው ደጋግመው ይንገሩት። ቀለሙ አመድማ ወይም ቡናማ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም።

የገዙትም ሆነ ያሰፉት ሲደርስ፣ ጎንደር ከመሄድዎ በፊት አልጋዎ አጠገብ ቆመው ሃያ ጊዜ ያህል ካሜራውን በአንድ እጅ አውጥተው ይመልሱት። ዓይንዎን ጨፍነውም ይሞክሩ። ቢያመልጥዎት ፍራሹ ላይ ነው፣ የቦርሳውም ጉድለት ሱቁ ሳይርቅ እዚያው ይታወቃል።